ለመገኘቴ ብቻ የፈረምኩት

በእኔ ፊርማ የቡድናችንን ግራ ተከላካይ አባረሩት። ሳልጠየቅ፣ ሳላውቅ፣ ስሜን ከሁሉ በላይ አንደኛ ተራ ላይ አድርገው። የተደረገብኝ በደል ይኸው ነው።

ነገሩን ከነሥሩ የምጽፈው አሶሳ ውስጥ በሌላ መልክ የሚያወሩት ስላሉ ነው። «ራሱ አስባርሮት ሲያበቃ አሁን ያለቃቅሳል» የሚሉ አሉ። እነሱም ይህን ያንብቡት። እኔም እንደነሱ አንባቢ ከሆንኩ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል።

ጫማ ሰፊ ነኝ። የምሠራው ስታዲየሙ በር አጠገብ፣ ግድግዳዋ ቀርከሃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ በሆነች ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ የወተት ጥርሴ ገና አልወለቀም ነበር፤ ዛሬ ጢሜ ሸብቷል። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ለምን እንዳልገባሁ አሁን ብናገር ማንንም አይጠቅምም። ብቻ እስከ አርባ ሦስት ዓመቴ ድረስ ቢሮ የገባሁ እንደሆነ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ነበር የምወጣው። የሚያትምበትን ወረቀት ሰው ያነበበለት ሰው፣ ቤቱ ሲደርስ «ምን ላይ ይሆን ያተምኩት?» ማለቱ አይቀርም። ተጠራጣሪ ነህ የሚሉኝ ይህን አያውቁም። ጥርጣሬዬን ያሳደገው ያ ቀለም ነው።

የቡድኑን ታኬታ የምጠግነው እኔ ነኝ። ስለዚህ ተጫዋች ሲያወራ አልሰማውም፤ ጫማውን ነው የማየው። የሠራ ጫማ ያስታውቃል። የውስጥ ጎኑ ይበላል፣ ስፌቱ ከአውራ ጣት በኩል ይፈታል፣ ጥርሶቹ አንድ ወገን አጥረው ይመጣሉ። በሬዲዮ «ሜዳውን ሲያካልል ዋለ» የተባለ ሰው የታኬታው ጥርስ ዓመቱን ሙሉ እንደተገዛ ከቆየ የዋሸው ማን ነው? ጫማው አፍ የለውም፤ አይዋሽም።

ከመሃል አገር ደላላ ያመጣቸው ሁለት አጥቂዎች ነበሩን። ሲመጡ ሃያ አምስት ዓመታችን ነው አሉ። ሁለት ዓመት አብረውን ቆዩ። እኔ ሁለት ዓመት አረጀሁ፤ እነሱ ሃያ አምስት ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ታኬታቸው አንድ ቀን እንኳ እኔ ዘንድ አልመጣም። ምን አድርጎ ይቀደዳል?

ግራ ተከላካዩ ግን ሌላ ነው። የበርታ ሰው ነው፣ መንደሩ ከከተማው በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ታኬታውን ይዞ ይመጣል። ወንበር ብሰጠው አይቀመጥም፤ ደጃፌ ላይ ቁጢጥ ይልና «ኻል፣ እንዴት ዋልክ?» ይለኛል። ኻል ማለት በእነሱ አፍ የእናት ወንድም ነው። እኔ እህት የለኝም። በዚህ ዓለም ላይ ኻል የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። ዕድሜው ሠላሳ ሦስት ነው፤ ሲጠየቅም ሠላሳ ሦስት ነኝ ይላል። ኳስ ውስጥ ይህ ሞኝነት ይባላል።

ያን ዓመት ቡድናችን እየተንገዳገደ ነው የጨረሰው። ከመውረድ ያተረፈን የእኛ ግብ አይደለም፤ ከእኛ የባሰ ቡድን መኖሩ ነው። ሰኔ ሲጋመስ የደጋፊዎች ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ስገባ በየወንበሩ የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። እዚያው ጠረጠርኩ። ለተጫዋቾቹ ውሃ የሚቸግረው ቡድን ለደጋፊ ውሃ ካደለ የሚያስውጠን ነገር አለ ማለት ነው። ጠርጥሬ ግን ጠጣሁ።

ከንግግሩ በፊት የተሰብሳቢ መፈረሚያ ወረቀት ዞረ። ያዞረችው የቡድኑ ጸሐፊ ናት። ይህቺ ሴት ማን እንደሆነች መናገር አለብኝ፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ከቢሮ ስትወጣ ጎልማሶችን በነጻ ታስተምር ነበር። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ እኔ ግን መምህር ነው የምላት። ስሜን ከነአያቴ ስም ሰሌዳ ላይ መጻፍ የቻልኩ ቀን፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ጣትዎን ቀለም እንዳያስነኩ» ብላኝ ነበር። አላስነካሁም።

የፊት ወንበር ላይ ስለተቀመጥኩ ወረቀቱ መጀመሪያ እኔ ዘንድ መጣ። ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ጻፍኩ። ከጎኑ ደግሞ ፈረምኩ፤ ፊርማዬም ያው ስሜ ነው፤ ጥምዝምዝ አላውቅበትም።

«ኧረ ቶሎ በል! ኑዛዜ ነው እንዴ የምትጽፈው?» አለ ከኋላዬ የነበረ ባጃጅ ነጂ።

«ቅድመ አያቱን ፍለጋ ወሎ ደርሶ እስኪመለስ ታገሱት» አለ ሌላው።

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበርና።

ከዚያ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ተነሳ። የዝውውር ጊዜ መድረሱን፣ ማን ይቆይ ማን ይሂድ በሚለው ላይ የደጋፊውን ሐሳብ እንደሚፈልግ ተናገረ። የደጋፊ ሐሳብ ፈልጎ አያውቅም። አሁንም ጠረጠርኩ። ጠርጥሬ ግን እጄን አወጣሁ።

«ያረጀ ይውጣልን!» አልኩ። «ሜዳ ላይ ጡረታ የወጣ ሰው አንፈልግም! ወጣት አምጡልን!»

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናጋው። ስናገር ዓይኔ ሁለቱ አጥቂዎች ላይ ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፈው ስልካቸውን ይነካካሉ። ስማቸውን ግን አልጠራሁም። ሰው ባለበት የሰው ስም ጠርቶ ማዋረድ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ለመጠቆም ዓይን ይበቃል ብዬ ነው። መምህሬ አንገቷን ደፍታ ትጽፍ ነበር፤ ዓይኔን አላየችም።

ሐምሌ እንደገባ ስታዲየሙ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ድሮ ቢሆን «ምን ይላል?» ብዬ አላፊ አግዳሚውን እለምን ነበር። አሁን ወስፌዬን አስቀምጬ፣ ዝናብ እየመታኝ፣ ጣቴን ከፊደል ፊደል እያስኬድኩ ራሴ አነበብኩ። ውላቸው ከተራዘመላቸው ውስጥ የሁለቱ አጥቂዎች ስም ቀድሞ ተጽፏል። ወረድ አልኩ። «ከደጋፊው በቀረበ ጥያቄ መሠረት በዕድሜ ምክንያት የተሰናበተ» ይላል፤ ከሥሩ አንድ ስም ብቻ፣ የግራ ተከላካዩ። ደግሜ አነበብኩት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ። አልተሳሳትኩም።

ስለዚህ ውሳኔ የማስበውን አልደብቅም። የደከመ ቡድን ክረምት ሲገባ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ግብ የገባብን በየት በኩል ነው?» ብሎ ነው። በግራ በኩል አልነበረም። ቀጥሎ «ግብ የማናገባው ለምንድን ነው?» ብሎ ነው። መልሱ ግድግዳ ተደግፎ ስልክ ይነካካ ነበር። አጥቂ ከጠፋ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ባምባሲ ሜዳ አለ፣ ግልገል በለስ ሜዳ አለ፤ ሄዶ ማየት ነው። እኛ ግን የሚጥለንን አቅፈን የሚያነሳንን ጣልን። የሚሰናበተውም ደካማው ሰው አይደለም፤ ተናጋሪ የሌለው ሰው ነው። በሳምንቱ አዲስ ግራ ተከላካይ ከአውሮፕላን ማረፊያ መጣ። ሻንጣውን ተሸክሞ ከመኪና ያወረደው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። ዘመዱ ነው አልልም፤ የማላውቀውን አልናገርም። ሥራ አስኪያጅ የተጫዋች ሻንጣ ሲሸከም ግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ግራ ተከላካዩ እኔ ዘንድ መምጣቱን ተወ። አንድ ሳምንት ጠበቅኩት፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩት። መናኸሪያው አጠገብ የሚሠራ ሌላ ጫማ ሰፊ አለ። በዚያ ሳልፍ ታኬታውን ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። የራሴን ስፌት አውቀዋለሁ፤ በላዩ ላይ የሌላ ሰው ስፌት ተጋድሞበታል።

በገበያ ቀን አገኘሁት። የቀርከሃ ቡቃያ በፌስታል ይዞ ይሄዳል። እንዳላየ ሊያልፈኝ ሲል መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

«ምነው፣ ሰላምታም ተከለከለ?»

«ደህና ነኝ» አለ። ኻል አላለኝም።

«ምን አጠፋሁ?»

«አንተ ፈረምክ» አለኝ። «ቢሮ ጠሩኝ። ‹ደጋፊው አልፈለገህም› አሉኝ። ‹የትኛው ደጋፊ?› አልኩ። ወረቀት አሳዩኝ። አንደኛ አንተ ነህ።»

«እኔ በአንተ ላይ? እኔ የፈረምኩት ለመገኘቴ ነው!»

«እናቴ በሬዲዮ ሰማ። ‹ማን ነው ያስወጣህ?› አለኝ። ‹ኻል› አልኩት። እስከ ዛሬ አላመነም።» አማርኛ ሲናገር ሴቱም ወንዱም ለእሱ አንድ ነው። ፌስታሉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወረ። «ያን ቀን ማንበብ ትችላለህ ወይስ መፈረም ብቻ?»

ይህን ያለው ሊያቆስለኝ ነው። አቆሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁን ጠረጠርኩ። ደላላውን ጠረጠርኩ። ከኋላዬ ሆኖ ቶሎ ፈርም ያለኝን ባጃጅ ነጂ፣ ማን አስቸኩለው አለህ ብዬ ተጣላሁት። ያጨበጨቡትን ሁሉ ጠረጠርኩ። ከሁሉ አብልጬ ግን መምህሬን ጠረጠርኩ። ስሜን መጻፍ ያስተማረችኝ ለዚህ ነበር? ጣቴ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ነው፤ የማን ጣት እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ፊደል ተምሬ ነው የተያዝኩት።

ቢሮዋ ሄድኩ።

«መምህር፣ ያን ወረቀት አምጪው።»

«የቱን ጋሼ?»

«ሰው የተበላበትን።»

ገባት። ፋይሉን አወጣች። «ላንብብልዎት?»

«አታንብቢልኝ። ማንበብ አስተምረሽኝ የለም? ወይስ እዚህኛው ሳንደርስ ነው የጨረስነው?»

ቃለ ጉባኤው ሁለት ገጽ ነው። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። የማነበው ውሸት ፍለጋ ነበር። ውሸት አላገኘሁም፤ የከፋውም ይኸው ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ «አንድ ደጋፊ ያረጁ ተጫዋቾች እንዲሰናበቱና በወጣቶች እንዲተኩ ጠይቀዋል፤ ሐሳቡም በጭብጨባ ተደግፏል» ይላል። አንድ ደጋፊ እኔ ነኝ። ጭብጨባውንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሥሩ የተገኘንበት ወረቀት በስቴፕለር ተያይዟል፤ ስሜ ከነአያቴ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከሁሉ ፊት።

«ይሄ ለመገኘቴ የፈረምኩት ነው» አልኳት።

«ነው። ቃለ ጉባኤ ላይ የተሰብሳቢ ስም ይያያዛል ጋሼ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው። ካልተያያዘ ቃለ ጉባኤ አይባልም።»

«ሲያያዝስ? የተገኘ ሁሉ ተስማማ ይባላል?»

የወረቀቶቹን ጠርዝ በጣቷ አስተካከለች።

«ያልኩት አጥቂዎቹን መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ገምቻለሁ» አለች። «ግን ስም አልጠሩም። ያልጠሩትን ስም እኔ እንዴት ልጻፍ?»

ይህን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ድምፃችንን ሰምቶ ከውስጠኛው ክፍል ብቅ አለ። ፈገግ ብሏል።

«ጋሼ! ማንበብ ጀመሩ አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎት! እኛ እኮ የፈጸምነው የእርስዎን ቃል ነው።»

«ቃሌን ከፈጸማችሁ ለምን ከአጥቂዎቹ አልጀመራችሁም?»

«እነሱ ምን አረጁ? ሃያ አምስት ዓመታቸው ነው።»

«ዘንድሮም?»

«ዘንድሮም» አለ። ዓይኑ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ወጣሁ። ያን ቀን የተሰደብኩት በራሴ ቃል ነው። ውሃ እያደሉ ያስጠሩን ለዚህ ነው፤ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንዳችን አፍ ይፈልጓት ነበር። ከእኔ አፍ አገኟት።

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። በዕድሜዬ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ በሦስቱ ቀን ውስጥ አንድም ጫማ አልሰፋሁም። እንዲህ ይላል፦

«ለቡድኑ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ ያላልኩትን ስለማንሳት። በስብሰባው ላይ የፈረምኩት ለመገኘቴ ብቻ ነው። ያረጀ ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ያልኩት ግን ሁለቱን አጥቂዎች ነው። ግራ ተከላካዩ ይውጣ አላልኩም። ልልም አልችልም፤ ጫማውን አውቀዋለሁ። ስም አለመጥራቴ የእኔ ጥፋት ነው። ስሜን ከዚያ ወረቀት ላይ አንሱልኝ። አናነሳም ካላችሁ ይህን ደብዳቤ ከላዩ አያይዙት። ግልባጭ፦ ለግራ ተከላካዩ።»

መምህሬ ተቀብላ አነበበችው። አንድ ቦታ ላይ ስህተት አየች መሰለኝ እርሳሷን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። የሥራ አስኪያጁን በር አየት አደረገችና የገቢ ማህተሟን መታችበት። ግልባጩ ላይም መታች። ከዚያ እኔው ፊት ዋናውን ከቃለ ጉባኤው በላይ አድርጋ በስቴፕለር ያዘችው። ለምን እንዳደረገችው አላውቅም። አዝና ይሆናል፤ ነገ ሲያፋጥጧት ማምለጫ ፈልጋም ይሆናል። አልጠየቅኳትም። አላመሰገንኳትምም። እንደገና ሰላም የምንባባለው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ማህተም ነገር አይጨርስም። ግልባጩን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ግራ ተከላካዩ መንደር ሄድኩ። ጭቃው ጉልበት ይይዛል። እናቱን ደጃፍ ላይ ባሚያ ስትከትፍ አገኘኋት። እሱ ከጓሮ መጣ። ግባ አላለኝም። ቆሜ ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ እየተደናቀፍኩ፣ አንዳንዱን ፊደል እየደጋገምኩ። እሱ ለእናቱ በበርትኛ ይመልስላት ነበር። ስጨርስ አሮጊቷ ረጅም ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«‹ጫማውን አውቀዋለሁ› ያልከውን ድገም አለ።»

ደገምኩት። አንገቷን ነቀነቀችና ወደ ባሚያዋ ተመለሰች።

እሱ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ራሱ አየው። «ያረጀ ይውጣ ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«እኔ ሠላሳ ሦስት ነኝ።»

«ነህ።»

«እንግዲያው እኔንም ብለሃል።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ለእናቱ ሰጣት፤ እሷም ከመቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ለባምባሲ ቡድን እንደሚጫወት፣ ልምምድ እንደጀመረ ነገረኝ። እኔም እሰየው አልኩ። ሲሸኘኝ እስከ አጥሩ ብቻ መጣ።

ነሐሴ አለቀ። ማስታወቂያው ዝናብ በልቶት ከስታዲየሙ በር ወደቀ። ስንብቱ አልተሻረም፤ አጥቂዎቹም ሃያ አምስት ዓመታቸው ላይ ናቸው። የአዲሱ ተከላካይ ታኬታ እስካሁን እኔ ዘንድ አልመጣም። አልጠብቀውም። ፋይሉ ውስጥ ደብዳቤዬ ዛሬም ከላይ መሆኑን ለማየት ሁለት ጊዜ ቢሮ ሄጄ አስከፍቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ነበር። ሦስተኛም እሄዳለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ዝናቡ አባርቶ ቆርቆሮዬ ሲያንጠባጥብ፣ ደጃፌ ላይ ሰው ቁጢጥ አለ። ቀና ብዬ አላየሁም። ታኬታው ከፊቴ ተቀመጠ። ጎኑ ተቦጭቆ፣ የመናኸሪያው ሰውዬ ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፈትቷል።

«ኻል» አለኝ፣ «ያ ሰውዬ ክሩን ሰም አያስነካም።»

«ይሄን ሳታውቅ ነው የሄድከው?»

«ማን ነገረኝ? አንተ እንደሆነ ስም አትጠራም።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ክሬን ሰም አስነካሁ። የሌላውን ሰው ስፌት እስከ መጨረሻው ነቅዬ ጣልኩና በራሴ ቀዳዳ፣ በራሴ እጅ እንደገና ሰፋሁት። ነገ መጥተህ ውሰድ አላልኩትም፤ እሱም ልሂድ አላለም። እስክጨርስ እዚያው ቁጢጥ እንዳለ ጠበቀኝ።

ቀኑ ጳጉሜን ሦስት ነበር፤ ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል።